የሪሞት አውሮፕላን ከኪት መገጣጠም፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ተነስተን ወደ ከባዱ ነው የምንሄደው፣ ገንዘብ ልታወጡ ያሰባችሁ ግን ወደ ታች ወርዳችሁ የፈቃዱን ጥያቄ መጀመሪያ አንብቡ።

ኪት ሲባል ምን ማለት ነው? ሳጥኑ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ?

ኪት ማለት ያልተገጣጠመ አውሮፕላን ነው። ሳጥኑን ስትከፍቱት በሌዘር የተቆረጡ ስስ የባልሳ (በጣም ቀላል የሆነ እንጨት ነው) ቁርጥራጮች፣ ትንሽ ኮምፔንሳቶ፣ ቀጫጭን ሽቦዎች እና በትክክለኛ መጠኑ የተሳለ ትልቅ የፕላን ወረቀት ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው፣ ሳጥኑ ላይ ፎቶው የሚታየው አውሮፕላን ውስጡ የለማ፣ ያለው ቁርጥራጭ እንጨት ነው። አብሽሩ፣ እያንዳንዷ ቁራጭ ቁጥር አላት፣ ፕላኑ ላይም ቦታዋ ተስሏል።

የማይኖረው ኤሌክትሮኒክሱ ነው። ሞተሩ፣ ስፒድ ኮንትሮለሩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው)፣ ሰርቮዎቹ (የክንፉንና የጭራውን ሰሌዳዎች የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች)፣ ሪሲቨሩ (አውሮፕላኑ ላይ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው)፣ ሪሞቱ፣ ባትሪውና ቻርጀሩ ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ነው የሚገዙት፣ ሙጫና የክንፍ መሸፈኛውም እንደዛው። ስለዚ የኪቱን ዋጋ ብቻ አይታችሁ ይሄማ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትወስኑ፣ ትልቁ ወጪ ያለው ሪሞቱና ቻርጀሩ ላይ ነው። እነሱ ግን አንዴ ከተገዙ ለሁለተኛውም ለሶስተኛውም አውሮፕላን ያገለግላሉ፣ ስለዚ እነሱ ላይ አትሰስቱ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውን አይነት ልምረጥ?

ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር የሚሆን፣ ከፊት ስታዩት ክንፎቹ ወደ ጫፍ ትንሽ ቀና ያሉ። ቀና ማለቱ ለውበት አይደለም፣ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ዝቅ ያለው ክንፍ የበለጠ ተነስቶ መልሶ ያስተካክለዋል፣ ስለዚ ጀማሪ ግራ ሲገባው እጁን ከሪሞቱ ላይ ቢያነሳ አውሮፕላኑ ራሱ ለመስተካከል ይሞክራል።

ልጆች ሁሌ የሚልኩልኝ የጦር ጄት ፎቶ ነው። ያምራል፣ ይገባኛል፣ ግን ፈጣን ነው፣ በራሱ አይስተካከልም፣ ቀስ ሲሉት ደግሞ ይወድቃል። እሱን ሶስተኛ አድርጉት።

ፎም ይሻላል ወይስ ባልሳ የሚለው ሁሌ ያከራክራል። ፎሙ ቶሎ ይገጣጠማል፣ ሲሰበርም በአስር ደቂቃ ተለጥፎ ይመለሳል። ባልሳው ሳምንታት ይፈጃል፣ ግን ክንፍ ለምን እንደዛ እንደተሰራ በእጃችሁ ታውቁታላችሁ፣ እኔ መስራት ለሚወድ ሰው ባልሳውን ነው የምመክረው፣ ማብረር ብቻ ለሚፈልግ ፎሙን።

ልጄ 11 አመቱ ነው፣ ይችላል?

እንጨቱን መለየት፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ቦታ ቦታው ማስቀመጥ በደንብ ይችላል፣ እንዲያውም ጣቶቹ ትናንሽ ስለሆኑ ከኛ ይሻላል። ካተሩ፣ ሱፐር ግሉው፣ ባትሪውና ፕሮፔለሩ ጋ ሲደርስ ግን አዋቂ አጠገቡ ይሁን፣ አጠገቡ ስል ሌላ ክፍል ቴሌቪዥን እያዩ ማለቴ አይደለም።

መሣሪያው እዚሁ ይገኛል?

አብዛኛው ይገኛል። ካተር፣ ብርጭቆ ወረቀት (240 ቁጥር ይበቃል)፣ እስፒል፣ የብረት ማስመሪያ፣ እስኳድራ፣ ፒንሳ፣ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ይሄ ሁሉ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ከህንፃ መሣሪያና ከጽህፈት መሣሪያ ቤቶች ይወጣል። ስታኞ የማታውቁበት ከሆነ የሞባይል ጥገና ቤት ያሉ ልጆች ሽቦዎቹን በደንብ ይበይዱላችኋል፣ ግን አጠገባቸው ቁሙና እዩ፣ ምክንያቱም ሜዳ ላይ አንዷ ሽቦ ስትለቅ ራሳችሁ ናችሁ የምትበይዱት። ሰርቮና ብራሽለስ (ካርቦን ብሩሽ የሌለው) ሞተር አይነቱን ግን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው።

ማንም የማይጠይቀኝ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እቃ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ክንፉ የሚሰራው እሱ ላይ ተወጥሮ ነው፣ ሰሌዳው ጠማማ ከሆነ ክንፉም ጠማማ ይሆናል፣ በኋላ በምንም አታቀኑትም። እኔ ከእንጨት ቤት የወደቀ ወፍራም የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ነው የምጠቀመው፣ ከማእዘን ማእዘን ክር ወጥሬ ከስሩ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ አያለሁ፣ በውሃ ልክም እለካዋለሁ። ፕላኑን ሰሌዳው ላይ ዘርጉት፣ ሙጫ እንዳይዘው ከላዩ ስስ ፌስታል አልብሱት፣ ከዛ እንጨቱን በእስፒል እየያዛችሁ በላዩ ላይ ስሩ።

የትኛው ሙጫ ነው ጥሩ?

እንደ ቦታው ነው። ባልሳን ከባልሳ ለማያያዝ ተራው ነጭ የእንጨት ኮላ ጥሩ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለማስተካከልም ጊዜ ይሰጣል፣ ግን በክረምት የደሴ ብርድና ጉም እያለ ለመድረቅ ስለሚዘገይ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳትነኩት ተውት። ሱፐር ግሉ ለፈጣን ስራ ነው። ሞተሩ የሚታሰርበትን ግንባርና የክንፉን መሃል መጋጠሚያ፣ ማለትም ሸክም ያለበትን ሁሉ በኢፖክሲ (ሁለቱ ተቀላቅለው የሚደርቁ ጠንካራ ሙጫ) አያይዙ። ኢፖክሲም ብርድ ላይ ይዘገያል፣ አምስት ደቂቃ የሚል ተጽፎበት አምስት ደቂቃ ላይ አልደረቀም ብላችሁ ተበላሸ አትበሉ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ ተራው ሱፐር ግሉ የቲቪ ማሸጊያ አይነቱን ነጭ ፎም ያቀልጠዋል፣ ስለዚ መጀመሪያ ከማይፈለግ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ሁለተኛውን ደሴ ላይ ስለሆንን ነው አጥብቄ የምናገረው፣ ጋቢ ለብሳችሁ ሱፐር ግሉ አትንኩ። ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ ሲፈስ በአንድ ጊዜ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ስሩ ያለውን ቆዳ ያቃጥላል። ማታ ማታ በረደኝ ብሎ ጋቢ ደርቦ የሚሰራ ሰው ጉልበቱ ላይ ቢያፈሰው አውልቆ እስኪጥለው ድረስ ይቆስላል። ጃኬት ልበሱ፣ መስኮትም ክፈቱ፣ ሽታው አይን ያቃጥላል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ለሚሰራ ሰው የባልሳው ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር። ፎሙ ሁለት ሶስት ቀን።

አንድ የባልሳ ቁራጭ ተሰበረብኝ፣ እዚህ ባልሳ የለም፣ በምን ልተካ?

የተሰበረው በንፁህ ከተሰበረ አትተኩት፣ ኮላ ቀብታችሁ መልሳችሁ ግጠሙት፣ በደንብ የተጣበቀ ባልሳ ደግሞ በዛው ቦታ አይሰበርም። ከጠፋ ወይ ከደቀቀ ግን መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ የቀረውን ቁርጥራጭ እዩ፣ ለዛ ነው ኪቱ እስኪያልቅ ምንም ትርፍ አትጣሉ የምለው።

የባልሳ ዛፍ የመካከለኛና የደቡብ አሜሪካ ነው፣ በብዛት የሚመጣው ከኢኳዶር ነው፣ ቀላልነቱም ልዩ ነው፣ አንድ ኪዩቢክ ሜትር ወደ 160 ኪሎ አካባቢ ብቻ ይመዝናል። የኛ ባህር ዛፍ ከዚህ አራት አምስት እጥፍ ይከብዳል፣ ስለዚ እንጨት እንጨት ነው ብላችሁ በባህር ዛፍ ጣውላ አትተኩ። ለክንፉ ረጅም አግዳሚ የተሰነጠቀ ደረቅ ቀርከሃ ቀጭን አድርጋችሁ ብትጠቀሙ ጠንካራም ነው ክብደቱም አይበዛም፣ ለትንንሽ ማጠናከሪያ ስቴኪኒ ራሱ ይሰራል። ሌላ ልሞክረው ለሚል ሰው ደግሞ የቃጫ ተክል አርጅቶ ሲያብብ ወደ ላይ የሚያወጣው ረጅም ግንድ አለ አይደል፣ እሱ ሲደርቅ ውስጡ ስፖንጅ መሰል በጣም ቀላል ነው፣ በካተር ይቆረጣል፣ ለክንፍ ጫፍና ለአፍንጫ መሙያ ይሆናል። ሸክም የሚይዝ ቦታ ላይ ግን አታድርጉት።

ክንፉን ሸፍኜ ስጨርስ ተጣመመ፣ ምን ላድርግ?

ይሄ የሁሉም ጥያቄ ነው፣ እኔም ላይ ደርሷል። መሸፈኛው ሙቀት ሲነካው የሚሰበሰብ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ በካውያ ነው የሚለጠፈው። የመጀመሪያ ክንፌን ስሸፍን ከላይ በኩል ጨርሼ በካውያ ሳሞቀው ጥሩ ተወጠረ፣ እንደ ከበሮ ቆዳ ሲነኩት ይጮሃል፣ ደስ ብሎኝ ገልብጬ ታች ልጀምር ስል ክንፉ ከጫፉ ወደ ላይ ተጠምዝዟል። አንዱ በኩል ብቻ ስለተወጠረ ጎትቶት ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ትእግስት ግን ይጠይቃል። አንድ ሰው ክንፉን ይያዝላችሁና ከተጣመመበት በተቃራኒ ትንሽ አልፎ እስኪሄድ ጠምዝዞ ያቆየው፣ እናንተ ደግሞ በዛው እንደያዘው ካውያውን ከላይም ከታችም አሳልፉበት፣ የተጨማደደው ሲጠፋ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃችሁ ልቀቁት። ከዛ ጠፍጣፋ ሰሌዳው ላይ አስቀምጡትና አራቱም ማእዘን መንካቱን እዩ። ካልሆነ ድገሙት። ካውያውን ዝቅተኛው ሙቀት ላይ ጀምሩ፣ እንፋሎቱን ዝጉ፣ ከስሩ ስስ የጥጥ ጨርቅ ብታለብሱት ፕላስቲኩን አይቧጭርም። ለሌላ ጊዜ ደግሞ ታችንና ላይን ሁለቱንም መጀመሪያ በዳር ብቻ ለጥፉ፣ ውጠራውን መጨረሻ ላይ እያፈራረቃችሁ አድርጉ።

ጠማማ ክንፍ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ አየር ላይ ሁሌ ወደ አንድ ጎን ይወስዳችኋል፣ ቀስ ስትሉ ደግሞ ባልጠበቃችሁት በኩል ይደፋል።

ምን አይነት ሞተርና ሰርቮ ልግዛ?

መጀመሪያ ኪቱ ራሱ ምን እንደሚል አንብቡ። ኪሎ አካባቢ ለሚመዝን መለማመጃ ብዙ ሰው የሚጠቀመው 2212 የሚባለውን ብራሽለስ ሞተር ወደ 1000 ኬቪ፣ 30 አምፒር ስፒድ ኮንትሮለር፣ 3 ሴል 2200 ሚሊአምፒር-ሰዓት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪና አራት ባለ 9 ግራም ሰርቮ ነው። ኬቪ ማለት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ነው እንጂ ጉልበት አይደለም፣ ብዙ ኬቪ ያለው ይበልጣል ብላችሁ አትሸወዱ፣ ትልቅ ፕሮፔለር የሚፈልገው ዝቅተኛ ኬቪ ያለው ነው።

ሰርቮውን ከመግጠማችሁ በፊት ሪሞትና ሪሲቨር አብሩና መሃል ላይ እንዲቆም አድርጉ፣ ክንዱን ከዛ በኋላ ብሎን እሰሩበት። ይሄን የዘለለ ሰው በኋላ ገመዱ ሁሉ አጭርና ረጅም ይሆንበታል። እና ሞተር ስትሞክሩ ፕሮፔለሩን አውልቁ፣ ሁሌ፣ አንዴ ብቻ ነው ብላችሁ እንኳን። ፕሮፔለር ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የሚገባ የመጨረሻ እቃ ነው፣ ጣት ይቆርጣል።

ሊፖ ባትሪ ይፈነዳል ይላሉ፣ መብራት እየጠፋብንስ እንዴት ቻርጅ እናድርግ?

በትክክል ካልተያዘ ይቃጠላል፣ ሲቃጠል ደግሞ በውሃ የሚጠፋ ቀላል እሳት አይደለም። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከዛ ማለፍ የለበትም፣ ስትጠቀሙም ከ3.5 ቮልት አታውርዱት፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት የማትጠቀሙበት ከሆነ 3.8 ላይ አስቀምጡት። ሴሎቹን እኩል የሚያደርግ የሊፖ ቻርጀር ብቻ ተጠቀሙ፣ 2200ውን በ2.2 አምፒር ብትሞሉት አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ቻርጅ ስታደርጉ አሮጌ የሸክላ ድስት ውስጥ ከስሩ አሸዋ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉ እንጂ አትግጠሙት፣ ምንጣፍና መጋረጃ አጠገብ አይሁን፣ ተኝታችሁም ወጥታችሁም ቻርጅ አታድርጉ። ያበጠ ባትሪ አለቀ ማለት ነው፣ ትንሽ ነው ያበጠው የሚባል ነገር የለም።

መብራቱን በተመለከተ፣ ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው ቻርጀሩን የሚጎዳው፣ ስለዚ ሲጠፋ ንቀሉት፣ ሲመለስ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩት። ብዙ የሊፖ ቻርጀሮች በ12 ቮልት የመኪና ባትሪም ይሰራሉ፣ ቤት ውስጥ ሶላር ያለው ሰው በዛው ባትሪ ሊሞላ ይችላል፣ እኔ አሁን አሁን እንደዛ ነው የማደርገው። ከውጭ ሀገር ለሚያመጣላችሁ ሰው ደግሞ ንገሩት፣ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። 3 ሴል 2200 ወደ 24 ዋትአወር ነው፣ ከ100 በታች ስለሆነ በእጅ ይፈቀዳል፣ ጫፉ ላይ ፕላስተር ይለጠፍበት።

ሚዛኑን እንዴት አውቃለሁ?

ክንፉን ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ለኩት። 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከፊት ጠርዙ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ላይ በሁለት ጣት ከስር ስታነሱት አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ወይም አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ መቆም አለበት፣ ባትሪው ውስጡ ሆኖ ማለት ነው። ጭራው ከወረደ አታብርሩት፣ ጭራው የከበደ አውሮፕላን ትንሽ ስትነኩት ብዙ ይታጠፋል፣ ለመያዝ አይቻልም። እርሳስ ከመጨመራችሁ በፊት ባትሪውን ወደፊት ግፉት፣ ክብደት መጨመር የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፣ ለምን እንደሆነ ቀጣዩ ላይ ነው ያለው።

ሁሉን ነገር በመመሪያው መሰረት ሰርቼ ደሴ ላይ አልነሳ አለኝ፣ ምን ጎደለው?

አየር ነው የጎደለው። መመሪያው የተጻፈው ባህር ዳርቻ አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እዚህ ያለው አየር ከባህር ጠለል አየር 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚከብደው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወደ 83 በመቶ ትደርሳለች። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ሁለቱም ከዚህ ይወርዳሉ። ክንፉም ፕሮፔለሩም የሚገፉት አየር ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፈጠን ማለት አለበት፣ ደሴ ላይ 13 በመቶ ያህል፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 9 በመቶ። ስለዚ በእጅ ስትወረውሩት ፍጥነቱ ሳይሞላ መሬት ይመጣል፣ ወይ ተነስቶ አፍንጫውን ቀና ስታደርጉት ቀጥ ብሎ ይደፋል።

እኔ ይሄን ያመንኩት አንድ አውሮፕላን ደሴ ላይ ሶስቴ አልነሳ ብሎኝ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ በኩል ፈቃድ ባገኘንበት ሜዳ፣ ምንም ሳልነካው፣ ያው ባትሪ ያው ፕሮፔለር፣ በመጀመሪያው ውርወራ ሲሄድ ሳይ ነው። 650 ሜትር ልዩነት ነው ይሄን ያደረገው።

ማድረግ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ክብደት መቀነስ ነው፣ መመሪያው 1 ኪሎ ካለ ደሴ ላይ ያንኑ ባህሪ የሚያመጣው 780 ግራም አካባቢ ሲሆን ነው፣ እዛ ድረስ መውረድ ይከብዳል ግን ቀለም አትቀቡ፣ ሙጫ አታፍስሱ፣ ጎማውን ተዉትና በእጅ ወርውሩ፣ አነስ ያለ ባትሪ ተጠቀሙ፣ ሚዛኑ ግን መጠበቁን እያያችሁ። ሁለተኛው ፕሮፔለር ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጅ ሞተር አየር አይተነፍስም፣ ጉልበቱ አልቀነሰም፣ የቀነሰው ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ነው፣ ስለዚ 9 ኢንች የተባለውን 10 ማድረግ ትችላላችሁ። ግን አምፒሩ ከሞተሩና ከስፒድ ኮንትሮለሩ አቅም እንዳያልፍ በዋትሜትር ለኩ፣ ዋትሜትር ከሌለ ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ጉልበት ሰጥታችሁ አጥፉና ባትሪውን ነቅላችሁ ሞተሩን ንኩት፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ በዝቷል፣ መልሱት። ይሄ ብቻ ነው ፕሮፔለሩ ገብቶ የሚደረግ ሙከራ፣ ስለዚ አውሮፕላኑ በደንብ ታስሮ፣ እናንተ ከፕሮፔለሩ ኋላ ሆናችሁ ነው የምታደርጉት።

ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? መጫወቻ እኮ ነው

ያስፈልጋል። በሪሞት የሚበር ነገር ወደ ሀገር ማስገባትም ማብረርም ኢትዮጵያ ውስጥ ቁጥጥር ያለበት ነው፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) እና የሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን ናቸው የሚመለከታቸው፣ ጉምሩክ ላይ ያለ ፈቃድ የመጣ ይያዛል። እኛ መጫወቻ ብንለውም ከላይ ያየው ሰው ድሮን ነው የሚለው። ስለዚ ከመግዛታችሁ በፊት በጽሁፍ ጠይቁ፣ ለማብረር ደግሞ ከዛ በተጨማሪ የከተማውን ወይም የወረዳውን ሰላምና ፀጥታ ጽህፈት ቤትና ቀበሌውን አሳውቁ። ብቻችሁን ከምትሄዱ በትምህርት ቤት ክበብ ወይም በዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ብትሄዱ መልካም ነው። አይፈቀድም ከተባላችሁ አታብርሩ፣ ክርክሩን ቢሮ ውስጥ ጨርሱት።

ወረቀቱ አንድ ነገር ነው፣ ሰዉ ደግሞ ሌላ። ደሴ ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች የተደበደበች ከተማ ናት፣ እሱ የአያቶቻችን ነው ብንል እንኳ በ2014ቱ ጦርነት እዚህ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ህፃናቱም ጭምር፣ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ምን እንደሚያስታውሳቸው እናውቃለን። የብራሽለስ ሞተር ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ያስደነግጣል። ፈቃድ አግኝተን በወጣንበት አንድ ጠዋት አንዲት እናት ከብት እየጠበቁ ነበር፣ ሞተሩ ሲነሳ ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። አጠፋነው። ሄደን ሰላም ብለን፣ "እማማ ይሄ እኛው በእንጨት የሰራነው ነው" ብለን ክንፉን በእጃቸው አስያዝናቸው፣ አገላብጠው አዩትና ቅለቱ ገረማቸው፣ "በሉ ላሞቹን አታስበርግጉብኝ" አሉን፣ ራቅ ብለን ነው ያበረርነው። ከዛ ወዲህ ሳንነግር አንድም ቀን ሞተር አላነሳንም፣ እናንተም በአካባቢው ያለውን ሰው፣ እረኛውንም ቢሆን፣ ቀድማችሁ አናግሩ።

ፈቃዱ እስኪመጣ ሞተርና ሬዲዮ የሌለው፣ በእጅ የሚወረወር ትንሽ የባልሳ ተንሸራታች ስሩ። ግቢ ውስጥ ይበቃዋል፣ ሚዛንና የክንፍ ቀናነትን ከሱ የተሻለ የሚያስተምር የለም። ስልክ ላይ ደግሞ የሪሞት አውሮፕላን ሲሙሌተር፣ ማለትም የማብረር መለማመጃ ጨዋታ፣ ይጫናል፣ ጣታችሁን እሱ ላይ አሰልጥኑ።

የትና መቼ ነው የሚበረው?

ፈቃዱ የሚፈቅደው ሜዳ ላይ ብቻ። ደሴ መሃል ከተማ አይታሰብም፣ ቤት በቤት ላይ ነው፣ ጦሳ ተራራ ስር ደግሞ ነፋሱ ይዞራል። ገራዶና ቦሩ ሜዳ በኩል ሰፊ ሜዳ አለ፣ የእህል ወቅት ከሆነ ግን ማሳ አትርገጡ። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ኤርፖርት እንዳለባችሁ አትርሱ፣ ሰው የጫነ አውሮፕላን የሚያርፍበትና የሚነሳበት መስመር አጠገብ በምንም ምክንያት አይሞከርም፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም የኤሌክትሪክ መስመሩም እንደዛው።

ሰዓቱ ጠዋት ነው፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3፣ ከዛ በኋላ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ነፋስ ይነሳል። በህዳርና ታህሳስ ጠዋት ባትሪውን እስክትጠቀሙበት ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት፣ ሲበርደው ጉልበት አይሰጥም።

ወደኔ ሲመጣ ግራና ቀኙ ይምታታብኛል

ሁሉም ሰው ይምታታበታል፣ ምክንያቱም ሲርቅ የሱ ቀኝ የእናንተ ቀኝ ነው፣ ሲመጣ ይገለበጣል። አንድ ዘዴ አለች፣ ወደናንተ ሲመጣ የትኛው ክንፍ ዝቅ እንዳለ እዩና የሪሞቱን ስቲክ (በጣት የምትገፉትን ዘንግ) ወደዛው ወደ ዝቅ ያለው ክንፍ በኩል ግፉ፣ ይቃናል። ግራ ቀኝ ብላችሁ አታስቡ። ሲሙሌተር ላይ ይቺን ብቻ መቶ ጊዜ ድገሟት።

ከመወርወራችሁ በፊት ደግሞ ከኋላው ቆማችሁ ሪሞቱን ወደ ቀኝ ስትሉ የቀኙ ክንፍ ሰሌዳ ወደ ላይ መነሳቱን፣ ስቲኩን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ የጭራው ሰሌዳ ወደ ላይ መነሳቱን አረጋግጡ። ተገልብጦ የተገጠመ ሰርቮ በመጀመሪያዋ ሰከንድ ነው የሚጥላችሁ። ሪሞቱ ሲጠፋ ሞተሩ ራሱ መቆሙንም ፕሮፔለር ሳይኖር ሞክሩ።

ወደቀብኝ፣ ከላይ ምንም አይታይም፣ መልሼ ላብርረው?

ያን ቀን አይሆንም። ባልሳ መሸፈኛው ስር ተሰብሮ ከላይ ደህና ይመስላል፣ ክንፉን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጠምዝዙት፣ ጭር ጭር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይ አንዱ ጎን ከሌላው የበለጠ ከተለመጠ ውስጡ ተሰብሯል፣ ክፈቱት። የሞተሩን ዘንግ በጣት አዙሩት፣ ከተወላገደ ይንቀጠቀጣል፣ ብሎኖቹን ያላላል። የተሰነጠቀ ፕሮፔለር አይለጠፍም፣ ይጣላል።

ባትሪውን ግን ከሁሉ በፊት አውጡት። የተመታ ሊፖ ወዲያው ላይቃጠል ይችላል፣ ቆይቶ ነው የሚነሳው፣ ስለዚ ቦርሳ ውስጥም ባጃጅ ውስጥም ይዛችሁት አትግቡ፣ ባዶ መሬት ላይ ከሳር ርቆ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ካበጠ፣ ከሞቀ ወይ የሚጣፍጥ ሽታ ካመጣ በመኪና አምፖል ቀስ እያላችሁ ደጅ ላይ እስኪጨርስ አውርዱት፣ ከዛ በኋላ ቻርጀር አይነካውም።